የጥሩነሽ የልብ ዕድሜ

ባለፈው ወር ጎንደር ፒያሳ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ለጉልበቴ የሚቀባ ቅባት ልገዛ ተራ ይዤ ቆሜ ነበር። ከፊቴ ያለችው ሴት ግንባሯን በመዳፏ ይዛ፣ «ያ ዱክቱር፣ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው፤ ጠንከር ያለ ኪኒን ስጠኝ» አለችው ሻጩን። ጎንደር ላይ ባለ መድኃኒቱን «ያ ዱክቱር» ብሎ የሚጠራ እንደ እኔ ካርቱም ኖሮ የተመለሰ ሰው ነውና ጆሮዬ ወዲያው ቆመ። ወጣቱ ሻጭ፣ «ከተመላለሰብሽ ግፊትሽን ልለካሽ፤ ክፍያ የለውም» አላት። እጇን ወዲያ አለችና፣ «ላ ላ፣ የኔ ቤተሰብ የልብ ነገር አያውቀውም። እናቴ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ካርቱም በትልልቅ ሐኪሞች ተመርምራ የልቧ ዕድሜ አርባ ሁለት ነው ተብላለች። ማኅተም ያለው ወረቀቷ እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው» ብላ ኪኒኗን ተቀበለች። ስትዞር አየኋት። የወዳጄ የጥሩነሽ ልጅ ሂሩት ናት። ያኔ ካርቱም ሳውቃት ቀጭን ልጅ ነበረች፤ አሁን አርባን ልትደፍን ተቃርባለች፣ እንደ እናቷም ሞላ ብላለች። «ወላሂ እትዬ ዘውዴ! እርስዎ ነዎት?» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እዚያው ሰው መሀል፣ «እማዬን ያስመረመሯት እኮ እርስዎ ነዎት፤ ያ ሙቀትና ጾም ባይገድላት ኖሮ ዛሬም ትኖር ነበር» እያለች አመሰገነችኝ። የስልኳን ቁጥር ተቀብዬ፣ ቅባቱንም ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሐሳቤ ካርቱም ነው የምኖረው ብል ይሻላል። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ያንን ዘመን የማስታውሰው በሻይ ዋጋ ነው። ይህ የማወራው አንድ ብርጭቆ ሻይ አንድ ፓውንድ ከነበረበት ተነስቶ አምስት ፓውንድ እስከ ገባበት ድረስ ያለውን ነው። ሥራዬ ዐማራት ነበር፤ መንገዶቹ ስም የላቸውም፣ በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ ቪላው፣ ኤምባሲው፣ ቢሮው ሁሉ ግንቡን አጥሮ ዝም ያለ ሰፈር ነው። ከቢሯችን ጥግ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ አንዲት ወፍራም ሴት ናዕናዕ የሚሉት ቅጠል የገባበት ሻይ ትሸጥ ነበር፤ እኔ ጠዋት ጠዋት አራት ማንኪያ ስኳር ያለበትን እጠጣና ገብቼ ሰዎችን ስኳር ቀንሱ እል ነበር። የምኖረው ግን ሶባ ነው፤ ኪራዩ ስለሚቀል። ከሶባ ዐማራት በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ ሹፌሩ የሠርግ ዘፈኑን እስከ ጣሪያው ይከፍተዋል፣ ነጭ ቶብ የለበሱ የመንግሥት ሠራተኛ ሴቶች በአንገታቸው ይቀበሉታል፣ አቧራው በመስኮት ይገባል፣ መውረድ የፈለገ ጣቱን ያጮኻል። ዛሬም ጎንደር ታክሲ ውስጥ ሳላስበው ጣቴን አጮኻለሁ። ሰው ዞሮ ያየኛል፤ እኔም አርጅቼ ነው ብዬ እስቃለሁ። ያቺን ከተማ እወዳት ነበር፤ ስኖርባት ግን ሳማርራት ኖርኩ እንጂ መውደዴን አላውቀውም ነበር።

የምሠራው ዶክተር ሰልማ ከምትባል ሱዳናዊት ሐኪም ጋር ነበር። ውጭ ተምራ የተመለሰች፣ አርባ ያልሞላት፣ ችኩል፣ ደግ ሴት ናት። አንዱ ሰው በሰባው እንደ ወጣት ሲራመድ ሌላው በሃምሳው ልቡ የሚደክመው ለምንድን ነው? ጥናቷ የዚህን ምልክት ከደም ውስጥ ፈልጎ ለማግኘት ነበር። በተለይ በሰው አገር ጉልበታቸውን ሸጠው የሚያረጁትን ማየት ስለፈለገች፣ ከአርባ አምስት ዓመት በላይ የሆኑ ሐበሾች ተመረጡ። እኔ አገሬ ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ዐረብኛም አማርኛም እችላለሁ፣ ደም መቅዳትም እጄ ለምዶታል፤ ስለዚህ ቀጠረችኝ። «የደም ሥር እንደ ውሃ ቧንቧ ነው ያ ኻልቲ» ትለኝ ነበር፤ አክስቴ ማለቷ ነው። «ዝገቱ የሚጀምረው ውሃው ከመቋረጡ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። እኔ የምፈልገው ዝገቱን ነው።» የሰው ወገብ በሜትር እንለካለን፣ ግፊት እንለካለን፣ በባዶ ሆድ ደም እንቀዳለን፤ ከወንበር ሳይደገፉ አምስት ጊዜ ማስነሳት፣ የብረት እጀታ ማስጨበጥ፣ በኮሪደሩ ማራመድም አለ። ሰው ቤት ተቀጥረው ዐማራት መምጣት ለማይችሉት እኔ ራሴ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ቦርሳዬንና የበረዶ ሣጥኔን ይዤ እሄድላቸዋለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ለእያንዳንዱ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይመጣል። ስኳሩ፣ ስቡ፣ የብግነቱ ምልክት ተዘርዝሮ ከታች በትልቁ «የልብ ዕድሜ» ተብሎ ቁጥር ይጻፋል። ውጤታቸው የከፋው ስማቸው በቀይ ይሰመርበታል፤ እነሱን ሰኞ ሰኞ ስልክ ደውዬ የምጠራው እኔ ነኝ፤ መድኃኒቱም ክትትሉም በነፃ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወሬው ሁሉ ይኸው ሆነ። «የልብሽ ዕድሜ ስንት ወጣ?» ይባባላሉ። አንድ ስልሳ ያልሞላው ሹፌር ሰባ አንድ ወጥቶለት፣ «እንግዲህ በአባቴ ልብ ነው የምኖረው» እያለ ያስቀን ነበር። እሱ በቀይ የተሰመረበት ነው፤ መድኃኒቱን ሲወስድ ኖረና ዛሬም በሕይወት አለ።

ጥሩነሽ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። ካርቱም የገባነው በአንድ የጭነት መኪና ላይ ነው፤ መንገድ ላይ የጠጣነው ውሃ እንኳ ከአንድ ጀሪካን ነበር። እሷ ካፉሪ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ በአንድ ትልቅ ቪላ ምግብ አብሳይ ሆነች። እጇ ወርቅ ነው። ፈሲኽ የሚሉትን በጨው ተቀብሮ የከረመ ዓሣ ለቤቱ ሠርታ የተረፈውን እሷ ነበረች የምትጨርሰው፤ ሎሚ ጨምቃበት ዓይኗን ጨፍና ትበላለች። ማዳሟ ክፉ ሴት አልነበረችም። ግን ልብስ አጣቢዋ ስኳር ተገኘባት ሲባል፣ «ቤቴ ውስጥ ሰው ወድቆ እንዲሞትብኝ አልፈልግም» ብላ ስጦታ ሰጥታ አሰናብታት ነበር። ጥሩነሽንም ለጥናቱ የፈቀደችላት ደብዳቤው ሲመጣ ታሳየኛለች ብላ ነው። ሂሩት ያኔ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። አባት የላትም፤ የእናቷ ወጥ ቤት ነው የሚያስተምራት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሳልነግራችሁ ብቀር ክፉ ሴት ትሉኛላችሁ፣ ነግሬያችሁም ብትሉኝ አልፈርድም። ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ወረቀቱ ማለቴ ነው፣ ደም መመርመር ግዴታ ነበር። ከመካከላችን ጤናዋን የምትጠራጠር ካለች፣ ጤነኛዋ በእሷ ስም ተሰልፋ ክንዷን ትሰጣለች። «እጅ ማዋስ» እንለው ነበር። ሁላችንም በሻሽ ተሸፋፍነን ስንቆም ፎቶና ፊት የሚያስተያይ አልነበረም። ወንፊት እንደመዋዋስ ነበር የምናየው፤ እንደ ኃጢአት የቆጠረችው አንዲትም ሴት አላውቅም። እኔ በሽታ የማይደፍረኝ ነኝ ተብዬ የታወቅኩ ስለነበርኩ ለሦስት ሴቶች አውሻለሁ።

ዓርብ ጠዋት ካፉሪ ሄድኩ። የጥሩነሽ ክፍል ከቪላው ጀርባ ናት፤ አልጋ፣ ማራገቢያ፣ የብረት ሣጥን፣ የማርያም ሥዕል። ግፊቷን ለካሁ። ጠቋሚው ሁለት መቶን አልፎ ነበር። ደግሜ ለካሁ። በሌላው ክንዷ ለካሁ።

«ስንት ነው?» አለችኝ።

«ቁጭ በይ፣ አትነሺ።»

«ዘውዴ፣ ስንት ነው አልኩሽ?»

ነገርኳት። ሳቀች፤ ስትፈራ ትስቅ ነበር። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ይህን እንዳትጽፊ። ማዳም ወረቀቱን አምጪ ብላለች። ሁለት ዓመት ብቻ ነው ሂሩት የቀራት። ከዚያ ኸላስ፣ ሥራውን እተዋለሁ፣ እታከማለሁ።»

«ይህ እንደ ኢቃማው አይደለም ጥሩዬ። ይህ ላንቺ ነው፤ ለራስሽ።»

«ለእኔ ከሆነማ እኔ የምልሽን አድርጊ። ለማታውቂያቸው እጅሽን አውሰሽ ለእኔ ልትከለክይ ነው?»

ይህችን አልቻልኳትም። ላስቲኩን በጥርሴ ይዤ ግራ ክንዴ ላይ አሰርኩ፤ ጫፉን እሷ ሳበችልኝ። ቀኑን ሙሉ የበግ ሆድ ዕቃ ስታጥብ የምትውል ሴት የእኔን ደም ላለማየት ፊቷን ወደ ማርያም አዞረች። በቀኝ እጄ መርፌውን ሰካሁና ሦስቱን ብልቃጥ ሞላሁ። «ያላ፣ በቃሽ፣ ደምሽን ጨረስሽው» እያለች ሳቀች። የግፊቱን ፊኛ ራሷ ነፍታ የኔን ለካንና ጻፍኩት። ብልቃጦቹ ላይ አርባ አንድ የሚለውን የጥናት ቁጥሯን ለጠፍኩ። ከመሄዴ በፊት ግን አስማልኳት፤ የግፊት ኪኒን እኔ እገዛላታለሁ፣ እሷ አንድ ቀን ሳታቋርጥ ትውጣለች፣ ፈሲኹንም ትተዋለች። በልጇ ማለች። እኔም ነገሩን ያስተካከልኩት መሰለኝ። ወረቀቱ ለማዳም፣ መድኃኒቱ ለጥሩነሽ ብዬ በልቤ አካፍዬው፣ የበረዶ ሣጥኔን ታቅፌ የዓባይን ድልድይ ተሻገርኩ።

ደብዳቤው መጣ። የልብ ዕድሜ፣ አርባ ሁለት። ማዳሟ ግንባሯን ሳመቻት፣ ለወዳጆቿ ሁሉ አወራች፣ ደብዳቤውንም የራሷ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ጥሩነሽ መጀመሪያ ትቀልድ ነበር፤ «ከአሁን በኋላ ታላቅሽ አይደለሁም፣ እትዬ እያልኩ ነው የምጠራሽ» ትለኛለች። እጇን ሒና ተቀባች፣ ለፋሲካ ባለ ተረከዝ ጫማ ገዛች። ቀልዱ የት ላይ እንዳበቃ አላወቅኩም። አንድ እሑድ ኪኒኑን ይዤላት ስሄድ ያለፈው ወር ፓኮ ሳይከፈት አገኘሁት።

«ያደክመኛል» አለችኝ። «ራሴንም አያመኝም። ደግሞስ ልቤ የአርባ ሁለት ዓመት ነው።»

«ጥሩዬ፣ ደሙ የኔ ነው እኮ!»

«ስሙ የኔ ነው» አለችና ሳቀች። ይህኛው ሳቋ ግን የፍርሃቱ አልነበረም። በየቀኑ ማዳሟ፣ በየእሑዱ የቤተ ክርስቲያን ሰው ልብሽ የወጣት ነው ሲላት፣ እውነቱ እኔ ጋ ብቻ ቀረ። የሰው ልጅ ደስ የሚለውን ውሸት ለማመን ብዙ ቀን አይፈጅበትም፤ ለእሷ ሦስት ወር በቃት። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ አኮረፍኩ። ዶክተር ሰልማ ጋ ሄጄ እነግርብሻለሁ አልኳት። አልሄድኩም።

ያልሄድኩበትን ምክንያት ስንት ዓመት ሙሉ ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ነው ስል ኖሬያለሁ። እውነት ነው፣ ግን ሙሉው አይደለም። ዶክተር ሰልማ አንድ ቀን ወረቀት ዘርግታ ጠራችኝና፣ «አርባ አንድ ቁጥርን ተመልከቺ ያ ኻልቲ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነች፣ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ የምትቆም ሴት፣ ደሟ የልጃገረድ ነው፤ ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት» አለችኝ። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ፊቴ እስኪሞቅ ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ወንዶች ቆንጆ ነሽ ማለት ከተዉኝ ቆይተዋል፤ እዚያች ክፍል ውስጥ አንዲት የተማረች ሴት ደሜን ስታደንቅ፣ የኔ ነው ለማለት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ደስታዬን ዋጥኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ የአንገትን የደም ሥር በማያ ገጽ የሚያሳይ መሣሪያ አስመጣች። ከሁሉ አስቀድማ አርባ አንድ ቁጥርን ማየት ፈለገች፤ «ራሷ ትምጣልኝ፣ መኪና እልክላታለሁ» አለች። ያ መሣሪያ የጥሩነሽን አንገት ቢያይ ኖሮ ሁሉን ይናገር ነበር። ዶክተር ሰልማ ትቆጣ ይሆናል፣ ታባርረኝም ይሆናል፤ ጥሩነሽን ግን ያንኑ ቀን አልጋ አስይዛ ታክማት ነበር፤ እንዲያ ያለች ሴት ናት። እኔ ግን ቆሜ፣ «አገሯ ገብታለች፣ አትመለስም» አልኩ። ዶክተር ሰልማ ከንፈሯን መጠጠች፣ በእስክሪብቶዋ የጥሩነሽን ስም ሰረዘችው። ጥሩነሽ በዚያች ሰዓት ከድልድዩ ማዶ ካፉሪ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። የመጀመሪያውን ውሸት ለምናኝ ነው እላለሁ። ሁለተኛውን ማንም አልለመነኝም።

በሚቀጥለው ዓመት ሁዳዴ መሀል ነው የወደቀችው። ጠዋት ነበር፤ ማዳሟ ወጥ ቤት ስትገባ ምድጃው ሥር ተንሸራታ ቁጭ ብላ አገኘቻት፤ አፏ ጠመም ብሏል፣ ቃል አይወጣትም። ሴትየዋ አልጨከነችም። ጾሙና ሙቀቱ ነው አለች፤ በስኳር ውሃ ከንፈሯን አርሳ፣ ማራገቢያ ሥር አስተኛቻት። ልቧማ ደህና ነው፤ ወረቀቱ መሳቢያዋ ውስጥ አለ። ሂሩት ከኮሌጅ ስትደርስ ከሰዓት ሆኗል። ደወለችልኝ፤ ሶባ ወዳለው ሆስፒታል ስትደርስ እኔ በሩ ላይ ጠበቅኋት። ተረኛው ሐኪም ቶሎ ቢመጣ ኖሮ ጥሩ ነበር አለ። ከዚያ፣ «ከዚህ በፊት ግፊት ነበረባት?» ብሎ ጠየቀ። «የለባትም» አለች ሂሩት፤ «አምና ተመርምራለች፣ ምንም የለባትም።» እኔ ከጎኗ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ዘጠኝ ቀን ተኛች። ቀኝ ጎኗ አይሰማም፣ አንደበቷ ተዘግቷል፣ ዓይኖቿ ግን ያውቁኛል። በሰባተኛው ቀን ብቻችንን ስንሆን፣ «ጥሩዬ፣ ማሪኝ» አልኳት። በግራ እጇ እጄን ይዛ ጠበቅ አደረገችው። ይቅር ብላኝ ይሁን ለልጄ እንዳትነግሪ እያለችኝ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን የሚቀለኝን መረጥኩና ለሂሩት ሳልነግራት ቀረሁ። በዘጠነኛው ቀን ዐረፈች። ሂሩት ከቀብሩ በኋላ ኮሌጁን ጨረሰች፤ ያስጨረሰቻትም፣ ያቺን ደብዳቤ የሰጠቻትም ማዳሟ ናት። የዶክተር ሰልማም ጥናት አለቀ፣ ክፍሉ ተዘጋ፤ ከዚያም ጦርነቱ መጣና ሁላችንም በየፊናችን ተበተንን። ያቺ የዐማራቷ ሻይ ሻጭ የት እንዳለች አላውቅም። ከሞተች አንድም ሰው አላለቀሰላት ይሆናል ብዬ አንዳንዴ እኔ አለቅስላታለሁ። ለጥሩነሽ ግን ማልቀስ ያሳፍረኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ሂሩት ቤት ሄድኩ። በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ነው የምትሠራው፤ ከጀርባው አንዲት ክፍል ተከራይታለች። ሳመችኝ፣ አስቀመጠችኝ፣ ያቺን ደብዳቤ ከሣጥኗ አውጥታ ልታሳየኝ ተነሳች። «ተይው ልጄ፣ ቁጭ በይ» አልኳት። ከዓርቡ ጠዋት እስከ ሆስፒታሉ በር ሁሉንም ነገርኳት። ደሜ ሲደነቅ ደስ እንዳለኝም፣ ሁለተኛውን ውሸትም አልደበቅኩም።

«እማዬ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ታውቅ ነበር። ኋላ ረሳችው።»

«እርስዎስ አልረሱም።»

«አልረሳሁም።»

ትጮህብኛለች፣ ውጪልኝ ትለኛለች ብዬ ቦርሳዬን ይዤ ጠበቅኩ። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና፣ «የእርስዎ ልብ አሁን እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኳት። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከጉልበቴ በቀር ምንም የለብኝም። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት በጤናዬ አፍሬ አላውቅም።

ሂሩት ዓይኗን ጠረገች። ይዤው የመጣሁት የግፊት መለኪያ ከቦርሳዬ አፍ ብቅ ብሎ አይታው ኖሯል። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ይለኩኝ» አለች። «የወጣውን ግን እንዳለ ይንገሩኝ።»

ጨርቁን ጠመጠምኩ፣ ፊኛውን ነፋሁ፣ ጠቋሚው እስኪወርድ ጠበቅኩ። በሌላው ክንዷ ደግሜ ለካሁ። ከዚያ ነገርኳት፤ ነጠላዋን ደርባ ተነሳች፣ እዚያው ሰዓት ተያይዘን ሐኪም ቤት ሄድን።